በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን እንግዳ

1

አሥር ነጥብ አራት።

2

ቁጥሩ የአንጓች ነው። የደሟ ቁጥር። የክሊኒኩ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጎኑ ላይ ደግሞ በታተመ ፊደል “ከ12 በላይ መሆን አለበት” ይላል።

አንጓች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከመንዝ መጥታ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የንጋት አትሌቲክስ ክለብ ካምፕ ውስጥ ትኖራለች፤ አምስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። አምና ከክለቡ ሴቶች አንደኛ ነበረች። ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቷ ይከዳት ጀመር። ደረጃ ስትወጣ እንኳ ልቧ ድው ድው ይላል።

እኔ ይኼን የምጽፈው ሰውዬ አንጓችን በሜዳ ተከትዬ ልሮጥ አልችልም፤ ሳንባዬም አይፈቅድ። ስለዚህ ታሪኩን የምናየው ከወጥ ቤቱ መስኮት ነው። መስኮቱ ላይ እትዬ ትርንጎ አለች።

3

እትዬ ትርንጎን ለማታውቋት፦

— የካምፑ ምግብ አብሳይ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

— ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። እሷ ሃምሳ ትላለች፤ እኛም ሃምሳ እንላለን።

— ሠላሳ አራት አትሌት ትመግባለች። ማን ሽንኩርት እንደሚጠላ፣ ማን ዳቦ በኪሱ ይዞ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ አውቃም ዝም ትላለች።

— ልጅ አልወለደችም። ይኼን ጉዳይ ማንም አያነሳባትም።

— ሻይዋ።

4

ሻይዋ ለብቻው ቁጥር ይገባዋል።

ጦስኝ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፤ የሻይ ቅጠሉ ደግሞ ሳይሰሰት። ትልቁ በራድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጣዳል። ልጆቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለልምምድ ከመውጣታቸው በፊት አንዳንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ጥቁር ነው፣ ማዶውን አያሳይም። አሰልጣኝ ጌጡ በቀን ስድስት ይጠጣል። ክለቡን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ሯጮቹ ከመጠየቁ በፊት “ይቺን ሻይ ማናት ያፈላቻት?” ይላል።

እሷም ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ታየዋለች። ደስታዋን መደበቅ አትችልበትም።

5

“እትዬ ትርንጎ፣ ይቺ ልጅ ትረሳለች” አለ አሰልጣኝ ጌጡ፣ አንድ ፓኬት ኪኒን እያቀበላት። “አንቺ በእጅሽ አስውጫት። በቀን አንድ፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ።”

“ምንድን ነው ደግሞ ይኼ?”

“ብረት ነው። ደሟ ብረት አንሶታል አሉ።”

“አምጣው! እኔ እያለሁ ማን ብረት ያንሰዋል!”

እናም በማግስቱ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አንጓች በመስኮቱ በኩል እጇን ትዘረጋለች። በአንዱ መዳፏ ኪኒን፣ በሌላው ትኩስ ብርጭቆ ይቀመጥላታል። እትዬ ትርንጎ እንዲህ ታምናለች፦ ኪኒን በቀዝቃዛ ውሃ የሚውጥ ሰው፣ የሚያዝንለት ዘመድ የሌለው ሰው ነው።

6

ለአዲስ ቀይ የደም ሴል፣ ሥራ ሲጀምር የሚሰጥ መመሪያ

(አንባቢ ሆይ፣ ለአንድ ገጽ ያህል ሴሉ አንተ ነህ። ተቀመጥና አንብብ። አይ፣ መቀመጥ የለም።)

ሀ. የምትወለደው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ላይ ነው። ብቻህን አይደለህም፤ በዚያችው ሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሆናችሁ ትወለዳላችሁ።

ለ. ኒውክለስህን ጥለህ ውጣ። ቦታ ይይዛል። የምትፈለገው ለጭነት ነው።

ሐ. ቅርጽህ ክብ ነው፤ ከሁለቱም በኩል መሃልህ ጎድጎድ ያለ።

መ. ሳንባ ግባ። ኦክስጅን ጫን። ልብ ትወረውርሃለች፤ አትደንግጥ። እግር ስትደርስ አራግፍ። ስትመለስም ባዶህን አትመለስ፤ ከተቃጠለው አየር የድርሻህን ይዘህ ና።

ሠ. አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሰውየው ሲሮጥ ከዚያም ያንሳል።

ረ. መንገዱ ከአንተ ከጠበበ ተጣጥፈህ እለፍ፤ ተራ ጠብቅ እንጂ አትጋፋ።

ሰ. ዕረፍት የለም።

ሸ. የሥራ ዘመንህ አንድ መቶ ሃያ ቀን ነው። ከዚያ ጣፊያ ይቀበልሃል። ብረትህ ተፈልቅቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ቅር አይበልህ።

ቀ. ኦክስጅን የምትይዝበት እጅህ ብረት ነው። ብረት ካጣህ በባዶ እጅህ ትዞራለህ።

“ቀ”ን ድገመው። የአንጓች ሴሎች እንደዚያ ነበር የሚዞሩት። ብዙዎቹ መንገዱን ሁሉ ይሄዱታል፣ እግሯ ዘንድም ይደርሳሉ፤ የሚያራግፉት ግን የላቸውም።

7

ከአሰልጣኙ ደብተርና ከወጥ ቤቱ መስኮት

ታኅሣሥ 10፦ 17 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ሻይ፣ አንድ ብርጭቆ።

ታኅሣሥ 24፦ 17 ከ20። ሻይ፣ ሁለት።

ጥር 15፦ 17 ከ31። ሻይ፣ ሁለት፣ ወፈር ብሎ።

ጥር 29፦ አቋርጣ ወጣች። ሻይ፣ ሦስት።

አያችሁት አይደል? እትዬ ትርንጎ አላየችውም። ልጅቱ በደከመች ቁጥር ታዝንላታለች፤ ባዘነች ቁጥር በራዱን ታነሳለች። እኔም ብሆን አላየውም ነበር፤ ፍቅር ሲሆን ሰው እጁን አይመረምርም።

8

የካቲት ሰባት ቀን አሰልጣኝ ጌጡ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ለረዳቱ ሲናገር እትዬ ትርንጎ ሰማች። ምስር እየለቀመች ነበር።

“ነገ ሁለተኛውን ምርመራ ታድርግ። ካልተሻላት ወደ ቤተሰቦቿ እሸኛታለሁ። አልጋውን የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች አሉ፤ ምን ላድርግ?”

እትዬ ትርንጎ ሰፌዱን አስቀመጠች። ነገ ከልጅቱ ጋር ክሊኒክ የምትሄደው እሷ ራሷ እንደምትሆን በዚያው ወሰነች። ምሳ ማን ያበስላል? ይራባቸው!

9

ክሊኒክ። የካቲት ስምንት፣ ጠዋት። የተባለው እንደተባለ።

ሰውመሆን (የላብራቶሪው ባለሙያ)፦ አሥር ነጥብ ሁለት።

እትዬ ትርንጎ፦ ጨመረ ማለት ነው?

ሰውመሆን፦ ቀነሰ፣ እናቴ።

እትዬ ትርንጎ፦ መሣሪያህ ተበላሽቶ እንዳይሆን።

ሰውመሆን፦ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንጓች፣ ኪኒኑን በትክክል ትወስጃለሽ?

እትዬ ትርንጎ፦ ምን ማለትህ ነው? አንድ ቀን ሳይዘለል! እኔ ነኝ በእጄ የማስውጣት!

ሰውመሆን፦ ጥሩ። በባዶ ሆዷ?

እትዬ ትርንጎ፦ በባዶ ሆዷ። ልክ እንደታዘዘው።

ሰውመሆን፦ በምን?

እትዬ ትርንጎ፦ በምን ማለት?

ሰውመሆን፦ በምን ነው የምትውጠው?

እትዬ ትርንጎ፦ በሻይ ነዋ! በትኩስ ሻይ። የእኔን ሻይ ቀምሰህ አታውቅም መሰለኝ።

(እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።)

ሰውመሆን፦ እናቴ… ሻይ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። ደም ጋ ሳይደርስ አብሮት ይወጣል።

እትዬ ትርንጎ፦ የእኔ ሻይ?

ሰውመሆን፦ የማንም ሻይ።

10

ሻይ።

&nbsp;

&nbsp;

(ይኼን ባዶ ቦታ የተውኩት ለእሷ ነው። ሰባ አምስት ጠዋት እዚህ ውስጥ አሉ።)

11

አንጓች ናት ቀድማ የተናገረችው።

“እትዬ፣ ባውቅም የማቆም አይመስለኝም ነበር” አለች። “ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ትኩስ ነገር በእጄ ያስያዘኝ ሰው የለም።”

“ዝም በይ!” አለች እትዬ ትርንጎ። እንባዋ መጥቶ ነበር። ንዴትም መጥቶ ነበር። ከሁለቱ የበለጠው ንዴቱ ነበርና ወደ ሰውመሆን ዞረች። “አሳየኝ።”

“ምኑን?”

“ያስራብኳቸውን።”

12

ማይክሮስኮፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የራሱን ሽፋሽፍት ነው የሚያየው። እትዬ ትርንጎም “ሣር ነው የሚታየኝ” አለች። ሰውመሆን ሳቀ፤ አንዷን ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራት፤ መንኮራኩሩን ቀስ አድርጎ አዞረላት።

“ውይ!”

አንድ ሜዳ ሙሉ። ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ድቡልቡል ሊጥ በአውራ ጣት መሃሉን ተጭነው የደረደሩት ይመስላል። እነዚያ የአንጓች ነበሩ። ሰውመሆን ከእትዬ ትርንጎም ጣት አንዲት ጠብታ ወስዶ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆ አመጣላት። የእሷዎቹ ሞላ ብለው ቀልተዋል። የልጅቱ ግን አነስ አነስ ያሉ ናቸው፤ መሃላቸው ገርጥቶ ዳራቸው ብቻ ቀርቷል።

“እነዚህ አይድኑም?”

“እነዚህስ አርጅተው ይሄዳሉ። አዲስ የሚወለዱትን ነው የምናበላው። አሁን እያወራን እንኳ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ይወለዳሉ።”

እትዬ ትርንጎ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ነቅላ አየችው።

“በሰከንድ?”

“በሰከንድ።”

“ሁለት ሚሊዮን?”

“አዎ፣ እናቴ።”

“ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠኝ!” ብላ ነጠላዋን እያጣፋች ተነሳች። የተቀመጠችበት ወንበር ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

13

የአሰልጣኙ ቢሮ። ሳታንኳኳ ገባች። ከጠረጴዛው ላይ የዕለቱ ሦስተኛ ብርጭቆ ይጨሳል።

“እሷን የምትሸኝ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ሸኘኝ።”

“እትዬ ትርንጎ፣ ምን ሆንሽ?”

ነገረችው። ሁሉንም፣ ሳታሳጥር፤ ለልጅቱ የቀዳችላትን ሦስተኛ ብርጭቆ ጭምር። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች፤ ልጅቱ ኪኒኑን እየዋጠች አልዋጠችም፤ ገና አልታከመችም። አሰልጣኝ ጌጡ ብርጭቆውን ብድግ አድርጎ አየውና እንደ ሌባ ከመዝገቦቹ ኋላ ደበቀው።

“ሚያዝያ ሃያ ሰባት የክለቡ ማጣሪያ አለ” አለ በመጨረሻ። “አምስት ሺህ፣ በአሥራ ስድስት ደቂቃ ከሠላሳ ወይም ከዚያ በታች። ከሮጠች ትቀራለች። ካልሮጠች… እኔም አለቃ አለብኝ፣ እትዬ።”

“ስንት ቀን ነው?”

“ሰባ ዘጠኝ።”

እትዬ ትርንጎ በልቧ አባዛች። አልቻለችውም። እኔም አልቻልኩትም። ብቻ ብዙ እንግዳ ነው።*

* በኋላ አንድ ሒሳብ የሚችል ወዳጄን ጠየቅኩ፤ ከአሥራ ሦስት ትሪሊዮን በላይ ይሆናል አለኝ። ለወጥ ቤቱ አልነገርኩም።

14

ቀን: የካቲት 12

ለ: ካምፑ ወጥ ቤት

ጉዳዩ፦ የጠዋት ሻይ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሠፈረው ሠላሳ ሦስት አትሌቶች፣ ላለፉት አራት ቀናት ያለ ሻይ በውርጭ እንድንሮጥ የተደረግን ሲሆን፣ የታመመችው አንዲት ልጅ ሆና ሳለ ሁላችንም መቀጣታችን አግባብ ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ ታይቶ በራዱ እንዲጣድልን በትሕትና እንጠይቃለን።

(ከሥር፣ በወፍራም እርሳስ፦)

የእናንተን ደም ማን አየው? ሻይ ከአራት ሰዓት በኋላ። ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ በማር። ትርንጎ።

15

ጾሙ ገባ። አሰልጣኙ አንጓችን “ሥጋ ብትበዪ ምናለ?” ብሎ ሞክሮ ነበር። አንገቷን ሰበረች፤ እሱም አልደገመም። እትዬ ትርንጎ ግን እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ከሰውመሆን ጋር በስልክ ስታወራ የሰማ ሰው ሠርግ ትደግሳለች ይላል።

“ምስር አለው?”

“አለው፣ እናቴ።”

“ጎመን?”

“አለው። ሎሚ ጨምቀው ይስጧት፤ ሎሚው ብረቱን ያስገባዋል።”

“ብርቱካንስ?”

“እሱም።”

“አብሽስ?”

“እናቴ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።”

ምስር በሎሚ። ሽምብራ በሎሚ። ጎመን በሎሚ። ኪኒኑ በብርቱካን ጭማቂ። ከፋሲካ ወዲያ ደግሞ ጉበት፣ በሎሚ። ምስሩን ስትለቅም “ኑ” ትላለች፤ ወጡን ስታማስል “ኑ፣ ግቡ፣ እናንተም ብሉ” ትላለች። የካምፑ ዘበኛ አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቃት። “አዲሶቹ” አለችው። ዘበኛው እስከ ዛሬ አልገባውም።

ደስ ብሏት ነበር። ልደብቀው አልችልም። ጥፋቷ እየቆጠቆጣትም ደስ ብሏት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ የምትሞላ መስሏት ስትኖር፣ ለካ ከሆድ ወዲያ ሌላ አገር አለ! የምትቆርሰው ሁሉ እዚያ ይደርሳል፤ እዚያ ተሰልፈው የሚጠብቋት አሉ። ይኼን ካወቀች ወዲህ ጨው እንኳ ቆንጥራ፣ ቆጥራ ነው የምትጨምረው።

16

ሚያዝያ 18።

አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ።

አሥራ ሦስት።

ነጥብ።

አንድ!

እትዬ ትርንጎ ሰውመሆንን ግንባሩን ሳመችው። አንጓችን ሳመች። ማይክሮስኮፑንም ልትስም ስትል ያዟት።

17

አሰልጣኝ ጌጡ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

“ደስ ብሎኛል። ግን ደም አይደለም የሚገባው፤ እግር ነው የሚገባው። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ በግማሽ ጉልበቷ ነው የተለማመደችው።”

“ትገባለች።”

“እትዬ፣ እኔም እንድትገባ ነው የምፈልገው።”

“እንግዲያው አትከራከረኝ።”

18

ሚያዝያ 27። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ዘጠኝ ሴቶች የአፈር ትራኩ ላይ ቆመዋል። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። እትዬ ትርንጎ ከአሰልጣኙ አጠገብ ቆማ አሥራ ሁለት ሽምብራ በጭብጧ ይዛለች፤ አንድ ዙር ሲያልቅ አንድ ትጥላለች።

ፊሽካ።

19

አሥራ ሁለት ሽምብራ። አሥራ አንድ። አሥር። አንጓች አምስተኛ ናት፤ አትቸኩልም።

ሳንባ፣ ጫን። ልብ። እግር፣ አራግፍ። ተመለስ።

20

ሰባት ሽምብራ። ስድስት። ባለፈው ጉልበቷ የሚከዳት እዚህ ሳይደረስ ነበር። እትዬ ትርንጎ የልጅቱን ከንፈር ነው የምታየው፤ ቀልቷል። “ቀልቷል! እየው፣ ቀልቷል!” ብላ የአሰልጣኙን ክንድ ያዘች። ሰዓት የያዘበት ክንድ ነበር።

“እትዬ፣ ልቀቂኝ!”

ሳንባ፣ ጫን። ልብ። እግር፣ አራግፍ። ተመለስ።

21

ሦስት ሽምብራ። ሦስተኛ። አሰልጣኙ በመስመሩ ባለፈች ቁጥር ይጮህላታል፦ “አራት ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርተሻል! አራት!” አንጓች አንገቷን ነቀነቀች። ሰማች።

ሁለት ሽምብራ። “ሁለት ሰከንድ!”

ሳንባጫንልብእግርአራግፍተመለስሳንባጫንልብ

22

አንድ ሽምብራ።

ከሠላሳ ሦስቱ አቤቱታ አቅራቢዎች የማይሮጡት አጥሩ ላይ ወጥተው “አንጓች! አንጓች!” ይላሉ። የመጨረሻው ዙር ላይ ፊቷ ተቀየረ። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ከዚህ አይለይም። እጇ ይቀዝፋል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሁለተኛዋን ደረሰችባት፤ አብረው መስመሩን አለፉ፤ አሰልጣኙ አውራ ጣቱን ተጫነ።

እትዬ ትርንጎ የመጨረሻውን ሽምብራ መጣሉን ረሳች።

23

አንጓች አልቆመችም። በዚያው ፍጥነቷ እየተንገዳገደች እስከ ማዶው መታጠፊያ ሄዳ ሣሩ ላይ ተዘረጋች።

አሰልጣኝ ጌጡ ሰዓቱን አየ። በጃኬቱ ጠረገውና ደግሞ አየ። ከዚያ ለእትዬ ትርንጎ አቀበላት።

“አንቺ ንገሪያት” አለ። “ሌላ ሰው አይነግራትም።”

አነበበችው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።

ሮጠች።

24

ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ሽርጥ እንደታጠቀች፣ በሸራ ጫማ፣ ሜዳውን አቋርጣ!

እናንተ አዲሶቹ! አሁን ተራው የእሷ ነው። በእትዬ ትርንጎ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ ሳንባ ግቡ፣ ጫኑ፣ የምትይዙትን ያህል ያዙ፤ ልቧ ትወረውራችኋለች፣ አትደንግጡ፤ ጭኗ ይጠይቃችኋል፣ ባቷ ይጠይቃችኋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቃችኋል፤ ስጡ፣ ተመለሱ፣ ደግማችሁ ጫኑ፤ መንገዱ ሲጠብ ተጣጥፋችሁ እለፉ፤ ዕረፍት የለም፣ ዕረፍት የለም፣ ዕረፍት የለም!

25

ደረሰች። ከልጅቱ አጠገብ በጉልበቷ ወደቀች።

“እትዬ!” አንጓች በክርኗ ተደግፋ ተነሳች። “ስንት ገባሁ?”

እትዬ ትርንጎ አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነው።

“እትዬ፣ በእመቤቴ! ንገሪኝ እንጂ፣ ስንት ነው?”

እትዬ ትርንጎ አንድ እጇን አነሳች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ሌላው እጇ ሰዓቱን ደረቷ ላይ ጨብጦታል። ትከሻዋ ይነሳል፣ ይወርዳል።

26

አንባቢ ሆይ፣ አትቆጣት። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ብዬሃለሁ። ትንፋሿ እስኪመለስ እኔም እንዳንተ እየጠበቅኩ ነው። ቁጥሮቹን ግን አትዝለል።

&nbsp;

&nbsp;

27

“አንጓችዬ…”

&nbsp;

28

“አሥራ ስድስት… ከ…

&nbsp;

&nbsp;

29